ያልደረቀው የይቅርታ ካርድ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አርብ ገበያ ከተማ፣ አማቴ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ከፊቴ፣ አንድ ካርድ እጄ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ነው። ሽማግሌ አልላክኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። አማቴ ይኸው ዓመት ሙሉ ልጃቸውን በስልክ ያናግራሉ፣ የኔ ስም ሲነሳ ግን ኔትወርክ ይጠፋባቸዋል። «ከዚያ ሰውዬ እጅ ውኃም አልቀበል!» ብለው ምለዋል። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ ማየት አንጀቴን በልቶታል።

እኔ ንፋስ መውጫ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሒሳብ ይልቅ ግን እጄ ካርድ መሥራት ይወዳል። ስለዚህ ለአማቴ የይቅርታ ካርድ ልሥራ አልኩ።

«ካርድ?» አለች ባለቤቴ። «ድንጋይ ተሸክመህ ብትሄድ ይሻልሃል።»

አልሰማኋትም። ወፍራም ወረቀት ላይ ኮላ ለቅልቄ የጆንያ ቁራጭ ተጫንኩበት፣ ሳነሳው ሽመናው ቁልጭ ብሎ ወጣ። በእጅ ሲዳሰስ ሸካራ፣ ደስ የሚል። ድንች ለሁለት ሰንጥቄ ግማሹ ላይ መስቀል ቀረጽኩ። ሰማያዊ የውኃ ቀለም ቀብቼ መሃል ላይ አተምኩት። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ነገር ብቻ ዘነጋሁ... የደረቀ ኮላ ቀለም አይጠጣም። መስቀሉ ላዩ ላይ ተኝቶ ነበር ያደረው።

ገባን። አማቴ እኔን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ተንበርክኬ ካርዱን በሁለት እጄ ዘረጋሁ። እጃቸውን አልሰነዘሩም።

አየር ላይ እንዳይቀር፣ ከጎናቸው የተቀመጡት የኔታ ተቀበሉኝ። እኚህ ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ለምኜ ያመጣኋቸው መሪጌታ ናቸው። መስቀሉን ሲያዩ «በስመ አብ...» ብለው ተነሡ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙት። ለሁለተኛው ሽማግሌ አቀበሉ። እሳቸውም ተሳለሙ። ሦስተኛውም። ከዚያ ቀጥሎ የተቀመጠ ሰው የለም... ከአማቴ በቀር።

ተቸገሩ። ከኔ እጅ አልቀበልም ብለዋል፣ ካርዱ የመጣው ግን ከሽማግሌ እጅ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ መስቀል አለበት። መስቀል እንዴት ይመለሳል? ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ግንባራቸውን አስነኩ፣ ጠበቅ አድርገው ሳሙት።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው የኔታ ላይ አረፈ።

«የኔታ፣ ምነው ግንባርዎ?»

«የኔ ግንባር ምን ሆነ? ይልቅ የእርስዎ ከንፈር ምን ነካው?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። አራት ሰማያዊ ግንባር፣ አራት ሰማያዊ ከንፈር! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ቀለሙ ነው እማማ... ኮላው እኮ...» አልኩ።

አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። ነጠላውም ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው!

«ኧረ አንተ ሰው ምን ዓይነት ነህ? ያኔ ያለ ሽማግሌ ልጄን ወሰድህ። አሁን ሽማግሌ ላከ ሲባል ደግሞ እቤቴ ድረስ አምጥተህ ቀለም ትነክራቸዋለህ?»

የኔታ መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዱት የመጡት የዕርቅ ንግግር እዚያው ቀረ። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሁላችንም እንስቃለን፣ ራሳቸውም ጭምር።

ሳቁ ሲበርድ አማቴ ካርዱን አገላብጠው አዩት። መስቀሉ ለአራት ተከፋፍሎ አልቋል፣ የቀረው «ይቅርታ» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ትንሽ አሰቡና ቀጥ ብለው አዩኝ። በዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ይቅር ለእግዜር ብያለሁ» አሉ። «የሚቀጥለውን ግን አድርቀህ አምጣ።»

«የሚቀጥለውን» አሉ እኮ... በጆሮዬ ሰማሁ!