አባቴን ያስቆጣው የሐኪም ጥያቄ

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነው። ማራኪ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪ ሳለሁ እስክሪብቶ ስይዝ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጓደኞቼ ጫት አብዝቶ ነው ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀጥሎ ምላሴ ከበደኝ፤ ምራቄም ሳላውቀው ይዝረበረብ ጀመር። ያኔ ሳቁ ቀረ።

አባቴ ከአገራችን ከአዲ አርቃይ መጥቶ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ዓይኔን በመሣሪያ ሲያይ በጥቁሩ ዳርቻ ቡናማ ቀለበት አገኘ። ዊልሰንስ ዲዚዝ የሚባል በዘር የሚወረስ ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ጉበት ማስወገድ ያቃተው መዳብ አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ይጎዳል። መድኃኒት አለው፣ ግን ቶሎ መጀመር አለበት። ምርመራ ከማዘዙ በፊት አባቴን ጠየቀው።

«አያ፣ ከባለቤትዎ ጋር የሥጋ ዝምድና አላችሁ?»

በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም። ከዘመዱ ወለደ መባል ትልቅ ነውር ነው። አባቴ ብድግ አለ።

«ምነው! ሰባት ቤት አስቆጥሬ ነው ያገባሁ! ልጄን ላሳክም እንጂ ልሰደብ አልመጣሁም!»

ክንዴን ይዞ ወጣ። ሐኪሙ እስከ ደጅ ተከትሎ ለመነው። አልሰማም።

ክረምቱን ጸበል ተጠመቅሁ። ጸበሉን አልወቅስም። መድኃኒቱ ግን አልነበረኝም። መራመድ አቃተኝ። ውኃ አነቀኝ። ድምፄ ጠፋ። እናቴን መጥራት አልቻልኩም። አባቴን ጠላሁት።

የመለሰችን እናቴ ናት። ሐኪሙ ፊት ቆማ፣ «ካስፈለገ ዘመዱ ነኝ ብዬ እምላለሁ፤ ብቻ ልጄን አድኑልኝ» አለች። አባቴ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ፣ መማል አያስፈልግም» አላት ሐኪሙ። «ሁለት ባዳዎችም ሕመሙን የሚያወርሰውን ጂን ሳያውቁ ሊሸከሙ ይችላሉ። የጠየቅሁት ለምርመራው እንዲረዳኝ ነው።»

የደምና የሽንት ምርመራው ሕመሙን አረጋገጠ፤ መዳቡን ከሰውነት የሚያስወጣውን ፔኒሲላሚን ጀመርኩ፣ ወራት ቆይቶም መጀመሪያ ማንኪያ መያዝ፣ ኋላም በከዘራ እየተደገፍኩ እስከ ጎረቤት መሄድ ቻልኩ። መዳብ የሚበዛበት ጉበት ስላለበት ዱለት ተከልክያለሁ፤ እሱስ ይቅር። ድምፄ ግን አልተመለሰም።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ ስላልተቀየመን። እናቴን አመሰግናለሁ። መድኃኒቴን ሰዓት ጠብቆ የሚያቀብለኝ አባቴ ነው፤ እሱንም አመሰግናለሁ፣ ንዴቴ ገና ባይወጣልኝም።

ይህ ሕመም ከቤታችሁ ከገባ የታማሚውን ወንድሞችና እህቶች ሳይታመሙ አስመርምሩ። ታናሽ እህቴ የሺ እንደዚያ ተገኝቶባት መዳቡ እንዳይጠራቀም ዚንክ ትወስዳለች፤ እስካሁን ደህና ናት። ሐኪም ስለ ዝምድና ሲጠይቃችሁም አትቆጡ። መልሱን ተናግራችሁ ወንበራችሁ ላይ ቆዩ። እኛ ያን ዕለት ብንቀመጥ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ በአፌ እነግራችሁ ነበር።