በኦቨርታይም መሸነፍ

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ሌሊት ወንድሜ ሰይድ በሩን በጀርባው ደግፎ ነበር። የሟች ባሌ ዘመዶች መሬቱን ፈልገው ዱላ ይዘው መጥተዋል። ልጄን ሐያትን አዝዬ በጓሮ አጥሩን ስሻገር፣ ዱላው በሩን አልፎ አጥንቱ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። እሱ ግን አንዴም አልጮኸም። በኋላ እንደሰማሁት በሩ የተሰበረው እኛ አስፋልቱ ከደረስን ወዲያ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ እዚያው ደጃፉ ላይ ቀሩ።

ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን አሜሪካ፣ ኦክላንድ። ከዱላ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

ልጄ አድጋ የያዘችው ነገር ሆኪ ነው። እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ የገና ጨዋታን አስቡት፤ ግን በበረዶ ላይ፣ ከጫማቸው ሥር ስለት አስረው። የጋራዡን በር እንደ ኳስ በሚመቷት ጥቁር ጎማ ስትነርተው ብትውል አከራያችን መጣ።

«በሬን ማነው የሚደበድበው? ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ።»

«እባክህ ጥራልኝ» አልኩት። «እኔን እምቢ ብላኛለች፣ ምናልባት እነሱን ትሰማለች።»

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዙሩ የመጨረሻ ግጥሚያ፣ ወደ ሳን ሆዜ ስንነዳ ተዋዋልን። ወደ ፕሌይኦፍ፣ ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ካለፉ ትቀጥላለች፤ ካላለፉ ሆኪ ቀረ። «ዲል፣ ማሚ» ብላ ጨበጠችኝ። እኔ የገባኝ ከተሸነፉ አበቃ ማለት ነው። ስለዚህ ልጄ እንድትሸነፍ ዱዓ አደረግሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ውጭው ፀሐይ፣ የበረዶ ሜዳው ውስጥ ግን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ። አንዷ ግዙፍ ሐያትን ከግድግዳው ጋር አላተመቻት፤ ግድግዳው እንደ ቆርቆሮ ጮኸ። ሌላዋ በዱላዋ አፏን አለቻት። ነጩ በረዶ ላይ ደም ተረጨ፣ አንድ ጥርስ ተንሸራቶ ሄደ። ዳኛው ጥርሱን በጣቱ ለቅሞ ሰጣት። እሷ አፏን በፎጣ ጠርጋ ተመልሳ ገባች። ዓይኔን ብጨፍን ያ በር ይሰማኛል፣ ብገልጥ ደሟን አያለሁ።

እኩል ወጡ። ኦቨርታይም፣ ጭማሪ ሰዓት፣ ተባለ፤ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። እነዚያ አገቡ።

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የነበረችው የሐያት ቡድን ጓደኛ እናት አቀፈችኝ። ሳይ፣ የተሸነፉት የኛዎቹም ተቃቅፈው ይዘላሉ።

ሐያት መጣች። «አለፍን፣ ማሚ።»

«ተሸንፋችሁ?»

«በሬጉላር ታይም፣ በዋናው ሰዓት፣ ብትሸነፊ ዜሮ ነው። ብታሸንፊ ሁለት። ኦቨርታይም ደርሰሽ ብትሸነፊ ግን አንድ ፖይንት አለሽ። እኛ የጎደለን አንድ ነበር።»

«የተሸነፈማ ተሸነፈ ነው።»

«ኖ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ስለቆምሽ ይቆጠርልሻል። ዲል ኢዝ ዲል።»

ቤት ገብተን ለሰይድ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ደሙንም።

«ሰዓቱ እስኪያልቅ ለቆመ ነው የሚሰጡት?»

«አዎ።»

«ታዲያ የኔን ማን ይቆጥርልኛል፣ እህት ዓለም?» ብሎ ሳቀ።

ስለዚያች ሌሊት አንስተን አናውቅም ነበር። ስልኩን ለሐያት ሰጠኋት። ሁለቱም በጎደለው ጥርሳቸው ቃሉን እያፏጩ ያወራሉ። «ቀጣዩ መቼ ነው?» ሲላት ሰማሁ፤ ተሳሳቁ። እኔ ማሊያዋን በቀዝቃዛ ውሃ አሻለሁ። ደሙ አልለቅ ብሏል።