ሚስቴን ለመቅደም የገዛሁት ሞኒተር

ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ አሶሳ ውስጥ ኮምፒዩተር ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ የኔ ነው። ካርቱም የሚሠራው ወንድሜ በኩርሙክ ድንበር በኩል የላከልኝ ማሽን ከቢሯችን ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይፈጥናል። ለሚጠይቀኝ ሰው «ሪፖርት እጽፍበታለሁ» እል ነበር። አንድም ሪፖርት አልጻፍኩበትም። ሥራው የመኪና እሽቅድምድም ነበር።

አመሻሽ ላይ መብራት ሲመጣ እኔና ባለቤቴ አንድ ኪቦርድ ተካፍለን እንወዳደራለን፤ ላይኛው የስክሪኑ ግማሽ የኔ፣ ታችኛው የሷ። እሷ የባምባሲ ልጅ፣ ነርስ ናት፤ መኪና ቀርቶ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። እኔ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል ይዤ እስከ ቶንጎ የምመላለስ ሰው ነኝ። የምታሸንፈው ግን እሷ ናት።

አንድ ምሽት እንደተለመደው ተሸንፌ «ጥፋቱ የሞኒተሩ ነው» አልኩ። ከጨረታ የገዛሁት አሮጌ ነበር፤ ምስሉ ይርገበገባል። «በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ብቻ ነው ምስሉን የሚያድሰው። ለፈጣን መኪና አይሆንም። ዓይኔን ገደለው።»

«እኔ ታዲያ የማየው በየትኛው ሞኒተር ነው?» አለችኝ።

እኔም አዲስ ሞኒተር ልገዛ ወሰንኩ።

ብዙም ሳይቆይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ፤ የመጨረሻውን ቀን መርካቶ ዋልኩ። አንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ያነበብኩት ዘዴ ነበረኝ፦ ጣቶችህን ዘርግተህ ስክሪኑ ፊት ታወዛውዛለህ፤ ጣቶችህ ተቆራርጠው ከታዩ ሞኒተሩ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ በተደረደሩት ሞኒተሮች ፊት እየቆምኩ እጄን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ሻጩ ለተወሰነ ጊዜ ታግሶ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ማንን?»

«ሰላም የምትለውን።»

አፍሬ ትልቁን መረጥኩ። በሰከንድ መቶ ጊዜ ያድሳል ተባለ። ክብደቱ የሰባ በግ ያህላል።

የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ታቅፌው ተጓዝኩ፤ ነቀምት ሳንደርስ እግሬ የኔ መሆኑን ረሳሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አሳዘንኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መከራ የምታየው ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ ነው፣ እማማ።»

«ተባረክ! እንዲህ ያለ ባል ለሁሉም ይስጥ።» አሜን አልኩ። በምን ምክንያት ለባለቤቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ቤት ደርሼ እንደሰካሁት ዓይኔ እፎይ ያለ መሰለኝ። «ልዩነቱ አይታይሽም? ውሃ ነው እኮ!»

«ማሎ፣ እንዴት ትልቅ ነው!» አለች። ከዚያ ተወዳደርንና አሸነፈችኝ።

እኔ ግን አልተበገርኩም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቢሮ ውስጥ ያልሰማኝ ሰው የለም፤ ራስ ምታቴ መጥፋቱን፣ ምስሉ መርጋቱን፣ አንዴ መቶ ያየ ሰው ወደ ስልሳ መመለስ እንደማይችል ስሰብክ ከረምኩ። የኮምፒዩተር ጥገና ባልደረባችን፣ የቤርታ ሰው፣ እስኪ በዓይኔ ልየው ብሎ አንድ ቅዳሜ ቤት መጣ። ተቀመጠና የኮምፒዩተሩን ማስተካከያ ከፈተ።

«ወላሂ፣ ይሄ ስልሳ ላይ ነው» አለኝ።

«እንዴት? መቶ እኮ ነው!»

«መቶ ይችላል። ግን ማንም አልነገረውም።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ «ውሃ ነው እኮ!» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። እንግዳችንም ሊያከብረኝ ጥቂት ታገለና አብሯት ሳቀ። እኔ የት ልግባ? ራስ ምታቴ ያኔውኑ ተመለሰ።

መቶ ላይ አድርጎልኝ ሄደ። አሁን እውነትም ሌላ ነገር ሆነ። መርገብገቡ ጠፍቶ ምስሉ እንደ ፎቶ ቀጥ አለ። ያን ምሽት ስንወዳደር ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን ሁሉ አየሁ፤ የመንገዱን ዳር ዛፎች፣ ከአጥሩ ኋላ የቆሙትን ሰዎች። ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

«እዪ፣ እያጨበጨቡ ነው እኮ!» ብዬ ስጮህ መኪናዬ ከግንብ ጋር ተላተመች።

ባለቤቴ አልፋኝ ሄዳለች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ለኔ ነው» አለች።