የልጄ ሞተርና የእኔ የድስት ሽቦ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም፣ በመጨረሻው እሑድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይክል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ሰንሰለቱ ላይ ነው። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ትራፊክ መብራት ላይ ቆማ የማታውቀውን ሰው ሰንሰለት ስትመረምር ደስ አይልም። ግን አልተውኩትም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የምንኖረው ላስ ቬጋስ፣ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ ገነት ማለት ነው፤ በነሐሴ ሙቀቱ የሚያስታውሰው ግን ሌላኛውን ቦታ ነው። እኔ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ናሆም ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ኤፔክስ በሚባለው የመጋዘን አካባቢ ይሠራል። እዚያ ለመድረስ በየቀኑ ሀይዌይ ላይ በትልልቅ የጭነት መኪኖች መካከል መንዳት አለበት። ለዚህ መንገድ ልጄ አስቦ አስቦ የመረጠው ሁለት ጎማ ያለውን ነው።

ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ። «ማሚ፣ ሴፍ ነው» አለኝ። ማስቆም ስላልቻልኩ ማስጠበቅ ጀመርኩ።

ናሆም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው ሰንሰለቱ ጥቁርና የሚያጣብቅ መሆኑን፣ ጥቁሩም ሱሪው ጫፍ ላይ መድረሱን ነው። ሃያ ዓመት አንሶላ ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥቁር ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እሱ ገና ተኝቶ ነው። እስከ እኩለ ቀን የሚተኛ ምእመን ነው። እኔ ታዲያ ባልዲ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና የድስት መፈተጊያ ሽቦ ይዤ ወደ ፓርኪንጉ እወርዳለሁ። ሰንሰለቱን ብር እስኪመስል እፈትገዋለሁ። አንዳንዴ ትንንሽ የጎማ ቁርጥራጭ ይረግፍ ነበር። ይህ ቆሻሻ ስንት ዘመን ቢከርም ነው ብዬ ሽቦውን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ሲያበቃ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጠበል ከፊት መብራቱ ጀምሬ እረጫለሁ። የተረፈውን በሙሉ ሰንሰለቱ ላይ አፈሳለሁ። ጎማውን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ብዙ በረከት የሚያስፈልገው እሱ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ወር እንዲህ አደረግሁ። ለናሆም አልነገርኩትም። ደግ ሥራ በስውር ነው የሚሠራው ብዬ።

እሱ በበኩሉ ግራ ገብቶት ነበር። ቅዳሜ የቀባው ዘይት ሰኞ የለም። የዘይቱን ዓይነት ሦስት ጊዜ ቀየረ። ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ዘይቱ የማይረባ ነው ብሎ ጻፈ። ሰንሰለቱ መንቀጫቀጭ ሲጀምር «ዳስት ነው ማሚ፣ ዴዘርቱ በላው» አለኝ። እኔም አብሬው የበረሃውን አቧራ ወቀስኩ።

በዚያ እሑድ ጠዋት መኪናዬ አልነሳ አለች። በዚህ ሙቀት ባትሪ ብዙ አይቆይም። የጾሙ የመጨረሻ እሑድ ነውና መቅረት አልፈለግሁም፤ ናሆምን ቀሰቀስኩት። ነጠላዬን ጎማው እንዳይጎትተው ጠቅልዬ ከሥሬ ወሸቅሁ። ትርፍ ሄልሜቱን ደፋሁ፤ የእሳት ነበልባል ተስሎበታል። እንዲህ አምሬ ወደ ቅዳሴ ተጓዝኩ።

ዓይኔን ጨፍኜ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። ስንተኛው ላይ እንደ ነበርኩ አላስታውስም፤ አንድ ትልቅ መብራት ላይ ቆምን። አረንጓዴው በርቶ ናሆም ነዳጅ ሲሰጠው ከሥራችን አንድ ነገር ጓ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ እኛ ግን አንሄድም። ናሆም በእግሩ እየገፋ ወደ ዳር አወጣን። ሰንሰለቱ ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ከኋላችን አንድ ፒክአፕ ቆመ። የወረደው ሰውዬ ሽበታም ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ ክንዱ ላይ የራስ ቅል ተነቅሷል። አማተብኩ። ሳማትብ አይቶኛል። ያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልጻፈው።

ሰውዬው ተንበርክኮ ሰንሰለቱን በእጁ ያዘው። አጠፍ ዘርጋ አደረገው። ግማሹ ዝጎ አልታጠፍ አለ። ከዚያ ሰንሰለቱ የሚያርፍበትን ክብ ብረት አሳየን። ጥርሶቹ ተበልተው እንደ ማጭድ ጎብጠዋል። በሰንሰለቱ ውስጥ ግራሶ የሚይዙ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች እንደ ነበሩ ነገረን። አብዛኞቹ አሁን የሉም። እኔ የት እንደ ሄዱ አውቃለሁ። በመጥረጊያ ጠርጌ የደፋኋቸው እኔ ነኝ።

ሰውዬው ናሆምን በየት በኩል እንደሚነዳ ጠየቀው። ናሆም ነገረው። ሰውዬው ቀና ብሎ አየው። እዚያ ሀይዌይ ላይ ይህ ሰንሰለት ቢበጠስ ኖሮ የኋላ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ቀጥ ያደርገው እንደ ነበር፣ ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪና ደግሞ ቀጥ እንደማይል አስረዳው። ልጄ በዚያ መንገድ ትናንት ሄዷል። ከትናንት ወዲያም ሄዷል። 

«በየሳምንቱ ቅዳሜ እቀባዋለሁ፤ ትናንት ብቻ ነው አምሽቼ ስገባ ያለፈኝ» አለ ናሆም።

«ይህ ሰንሰለት ዘይት አይቶ አያውቅም» አለ ሰውዬው። «ባትንከባከበው እሺ። እናትህ ቆማ እያየች ግን አትዋሽ።»

የናሆም ፊት ተለወጠ።  ልጄ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ ውሸት ግን የለበትም። ስለ ውሸት ያልሰበክሁበት ሳምንት የለም። አሁን በማያውቀው ሰው ፊት ውሸታም ሆኖ ቀረ። እኔ ዝም ማለት እችል ነበር። ሄልሜቱ ፊቴን ሸፍኖልኛል።

አወለቅሁት።

«እኔ ነኝ» አልኩት ለልጄ፣ በአማርኛ። «እሑድ እሑድ አጥበዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሰንሰለቱን። በሳሙና። ከዚያ ጠበል አፈስበታለሁ።»

«ማሚ፣ በምን ነው የምታጥቢው?»

«በድስት ሽቦ።»

ናሆም የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን ያዘ። ሰውዬው ምን እንዳልኩ ጠየቀው። ልጄ ኃጢአቴን አንድ በአንድ ተረጎመለት፤ ሽቦውን እንኳ አልዘለለም።

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ራሱን አከከ፣ መልሶ ደፋ። ከዚያ ወደ ናሆም ዞሮ «ይቅርታ፣ ውሸታም ስላልኩህ» አለው። እኔንም አየኝ። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ውሃውን ለልጁ ያድርጉት» አለኝ። «ሰንሰለቱን ለዘይቱ ይተዉለት።»

በስንት ዓመት ከሰማኋቸው ስብከቶች አጭሩ ይህ ነው።

ሞተሩን ከናሆም ጋር ገፍተው ፒክአፑ ላይ ጫኑት። እኛንም ከፊት አስቀመጠን። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በራስ ቅል ሰውዬ መኪና ስወርድ ያዩ ሰዎች እስካሁን ይጠይቁኛል። አልመልስም። ላመሰግነው ስል እሱ ቀደመኝ፤ ጠበል ካለ ለእሱም ትንሽ እንድሰጠው ጠየቀ። «ቤት ያለውን ሞተሬን ግን አይንኩብኝ» አለ። ከውስጥ አምጥቼ መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት። ፊቱን አበሰበት። ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ። በየጸሎቴ የማነሳው «ያ ባለ ጢሙ» ብዬ ነው፤ ከላይ ያለው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ሰንሰለቱና ጥርሳሞቹ ብረቶች ተቀየሩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነን። ናሆም ዘይቱን ይቀባል፤ እኔ የኋላ ጎማውን አዞርለታለሁ። ሰንሰለቱን በጣቴ ገፋ አድርጌ መላላቱን እለካለሁ፤ ሲወጠር አይወድም፣ ሲላላም አይወድም። ጠባዩ ከእኔ ብዙ አይለይም። ጠበሉን እሑድ ናሆም ላይ እረጫለሁ። በዚያው ስለሚነቃ ቅዳሴም አብሮኝ ይሄዳል።

ስድስት ወር ሙሉ ልጄን ጠብቅልኝ ብዬ ጸልያለሁ። ጠብቆልኛል። ከማን እንደ ጠበቀልኝ ሳስበው አፍራለሁ፤ አፍሬም አመሰግነዋለሁ።

የድስት ሽቦዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፍቷል። ናሆም የት እንዳደረገው አልጠየቅሁትም። ድስቱን በስፖንጅ አጥባለሁ።