የተጣለው ናሙና

ከሁሉ በፊት የጠፋበት ቃል «ቁልፍ» ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋና «ያንን... ያንን ስጪኝ» አለኝ። ባለቤቴ ታደሰ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በመናገር እንጀራውን የበላ ሰው። ደክሞት ነው ብዬ ሳቅሁበት። ያ ሳቅ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው፣ ያስመልሰውም ጀመር። ወሰን በሚባለው ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሳይነስ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ሲብስበት ደግሞ ጨጓራ ነው ተባልን። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ አንቀጠቀጠው። ወደቀ። ምላሱን ነከሰ። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ኤምአርአይ ተነሣ።

ሐኪሙ ምስሉን እያሳየ «ግሊዮብላስቶማ ይመስላል፤ ኃይለኛ የአንጎል ዕጢ ነው» አለን። «የቻልነውን እናወጣለን። ሥሩን ሁሉ ግን አናገኘውም።»

«ከወጣስ በኋላ?» አልኩት።

«ይመለሳል።»

ታደሰ አጠገቤ ነበር። ሰምቷል።

ከቀዶ ጥገናውና ከጨረር ሕክምናው በኋላ ያገኘናቸው ጥቂት ወራት ግን ደኅና ነበሩ። እሑድ እሑድ ክንዱን ይዤው የእንጦጦን ዳገት እያረፍን ስንወጣ፣ ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች «ቀስ በሉ፣ ያዳልጣል» ሲላቸው፣ የጠፉት ቃላት አንድ በአንድ እየተመለሱለት ከተማውን ከላይ እያየ የየሰፈሩን ስም ሲጠራልኝ፣ ይድናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በዚያው ሰሞን ሐኪሙ በውጭ አገር ስለሚካሄድ ጥናት ነገረን። የታማሚውን የራሱን የመከላከያ ሴሎች ዕጢውን እንዲያጠቁ የሚያደርግ አዲስ ሕክምና እየተሞከረ ነው። ጻፍንላቸው፤ መለሱልን። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ በቀዶ ጥገናው የወጣውን የዕጢ ናሙና። ያለ እሱ ሕክምናው አይሠራም።

የወጣው ዕጢ ወደተመረመረበት የፓቶሎጂ ክፍል ሄድኩ። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ገብቶ ፈለገ። «የለም፣ እህቴ። ውጤቱ ከወጣ በኋላ የሚጠይቅ ስለሌለ ተጥሎ ይሆናል።»

ተጥሎ ይሆናል። አለቀ።

ዕጢው ተመለሰ። የቀኝ እጁና እግሩ ዛሉ። በአንጎሉ ላይ ያለውን ግፊት ለመቀነስ እንደገና ሊከፍቱት ሆነ፤ ለውጭው ጥናት ግን አቅም አልቀረውም። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ መጣ። «ለእሱ አይደርስለትም። እዚህ ለምንጀምረው ጥናት ግን የአሁኑን ናሙና እንድናስቀምጥ ይፈቅዱልናል?»

«የመጀመሪያውን ጣላችሁ፤ አሁን ሁለተኛውን ትለምኑኛላችሁ?» ብዬ ወረቀቱን ገፋሁበት።

ታደሰ በግራ እጁ ሳበው። «ስጪ...» አለ። «ስጪያቸው።» እስክሪብቶውን አስያዝኩት። ብዙ ቆየ። የወጣው ስም ሳይሆን ሰረዝ ነበር።

ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ በአራተኛው ወር ዐረፈ።

ሐኪሙ አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። ናሙናው በማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ እየተጠና ነው፤ እስካሁን የተገኘ መድኃኒት የለም። አይዋሸኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ታደሰን ከአራተኛ ፎቅ በወንበር ተሸክመው ሲያወርዱልኝና ሲያወጡልኝ የከረሙትን ጎረቤቶቼንም፣ መዋጥ ሲያቅተው ከንፈሩን በጥጥ ታረጥብለት የነበረችውን ነርስም እግዜር ይስጥልኝ።

እናንተ ይህ የደረሰባችሁ፣ ጠዋት የሚነሣ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከሆነ፣ ቃልም ከጠፋ፣ ድካም ነው አትበሉ። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከቀዶ ጥገናው በፊት «ናሙናው የት ይቀመጣል? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የናሙናውን ቁጥር በገዛ እጃችሁ ጻፉት። ስለ ጥናት መጠየቅ ካለባችሁ ዕጢው እስኪመለስ አትጠብቁ። ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም። ለእኔ አልነገሩኝም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ለሌላው ተርፏል፣ ተጽናኚ» ይለኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የፈለግሁት ለእኔ እንዲተርፍልኝ ነበር።