የሉላሽ ላሜራ

ሉላሽ ሚስቱን እንደ ሰው በር ላይ ቆሞ አይጠራም ነበር። የሚጮኸው ከሚኒባሱ ስር ሆኖ ነው። ማታ ሞተሩ ስር ካርቶን ያነጥፋል፤ ጠዋት በጀርባው ተስቦ ይገባና የዘይት ጠብታ ካላገኘበት፣ «ዲሌ፣ ደረቅ ነው፤ ውጪ!» ይላል። ዲሌ ይህን ሳትሰማ ከምድጃዋ አትነሳም። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ብርድ አይሆንላትም።

በሳምንት ሦስት ቀን ሽኮድራ ከተማ ወርዳ ደሟ ይታጠባል። አስፋልቱ ታች ድልድዩ ጋ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ብሎ የሚጠራው ምርጫ የሚወዳደር ሰው ብቻ ነው። ባለፈው ጸደይ አንድ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት የሚይዘውን ኮፓ ሰነጠቀው። ኮፓው እስኪበየድ ዲሌን አንድ እጥበት አለፋት፤ ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠፉ። ሉላሽ ያን ፊት ካየ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሞተሩን ከስር የሚሸፍን ላሜራ፣ እሱንም ዛሬውኑ።

በያጁ ፕረንክ የመዳብ ማዕድን ማውጫው እስኪዘጋ እዚያ የሠራ ነው፤ ጓሮው ከማውጫው በመጣ ብረት የተሞላ ነው። ወፍራም ላሜራ መርጦ ቆረጠ፤ ድንጋይ እንዳይነክሰው ጠርዙን ዙሪያውን እንደ ትሪ ወደ ላይ አጠፈው። እኔ የነሉላሽ ጎረቤት ነኝ፤ የተሰበረ የአጥሬን በር ላስበይድ ሄጄ ሁሉንም ቆሜ አይቻለሁ።

«መሃሉን ልብሳልህ፤ ዘይት ስትቀይር ትፈልገዋለህ» አለ ፕረንክ።

«ቀዳዳ ካለ ድንጋይ ይገባል። እንዳትነካው።»

«ሰውዬ፣ ዘይት በቀየርክ ቁጥር ይህን ሁሉ ብሎን ልትፈታ ነው?»

«እፈታለሁ! የሚያመው ያንተ ወገብ ነው የኔ?»

«በል እሺ፤ ታንክ ነው የማደርግልህ» ብሎ ሳቀና ብሎኖቹን አጠበቀ።

በማግስቱ ዲሌ ከሽኮድራ ግንባሯን ይዛ ተመለሰች። «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ የድስት ክዳንህ ሲንቀጫቀጭ ጭንቅላቴን ሊያፈርሰው ነው» አለችው። ሉላሽ ከእናቱ የቀረችለትን የሱፍ ብርድ ልብስ ቀደደና በላሜራውና በሞተሩ መካከል ጠቀጠቃት። ከዚያ ወዲያ ኮሽታ የለም። ቀናሁባት፣ ምን እደብቃለሁ፤ የኔ ባል ለኔ ብሎ አሮጌ ካልሲ እንኳ ቀዶ አያውቅም።

የዘይት መለኪያ ዘንግ የሚባል ነገር እንዳለ እኔም አውቃለሁ። የኛ ሹፌሮች ግን ዘንግ የሚስቡት ሚኒባሱን ሊሸጡ ሲሉ ነው። ዘይት ካፈሰሰ መሬት ይናገራል፣ ይላሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት መብራትም ሽቦው ተበላሽቶ ዝም ብሎ ስለሚበራ፣ ሉላሽ የቅዱስ አንቶኒዮን ምስል ለጥፎ ሸፍኖታል።

በጥር በረዶው መንገዱን ዘጋ። ዲሌን እጥበቱ አለፋት፤ እንደገና አለፋት። እግሯ ጫማ አልገባም አለ። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ሉላሽ ገና ጎህ ሲቀድ በረዶው ላይ ተንጋሎ ገባ። «ዲሌ፣ ደረቅ ነው፤ ውጪ!» ድምፁ ደስ ይል ነበር። እኔም ደግፌ ላድርሳት ብዬ አብሬ ተሳፈርኩ።

ከገደሉ አናት ሳንደርስ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ። ሉላሽ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ።

«ነክሷል» አለ። «አይዞርም። ዘይት እንደሌለው ሞተር ነው የሆነው።»

«መሬቱ ደረቅ ነው አላልክም?» አለች ዲሌ።

«ደረቅ ነበር! በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ስልኩ እዚያ አይሠራም። ኮቱን አውልቆ ጉልበቷ ላይ ጣለና ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ኮረብታው ሮጠ። እኔ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ከንፈሬ ደነዘዘ አለችኝ፤ ቀጥላ ልቤ እየዘለለ ነው አለች።

«ሲመለስ አትቆጪው፤ እሺ?» አለችኝ። «ሳያይ አይነሳም። ሁሌ ያያል።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሉላሽ እየተንሸራተተ ወረደ፤ «አገኘኋቸው! አምቡላንስ እየመጣ ነው!» እያለ ከሩቅ ይጮሃል። እኔ የዲሌን ዓይኖች ከድኜ በሩን ከፈትኩለት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት መንገዱንም መንግሥትንም ቅዱስ አንቶኒዮንም ረግሜያለሁ።

ሚኒባሱን ትራክተር ጎትቶ አመጣው። ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ራኪ አረቄውን ጠጥቶ ሲሄድ ፕረንክ ቀረ። ሉላሽ ካርቶኑን ሞተሩ ስር አነጠፈና የብሎን መፍቻ አቀበለው። ሁለቱም ገቡ። ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፤ ላሜራው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጥቁሩ ዘይት ደረታቸው ላይ ተገለበጠ። ሁሉም እዚያ ነበር። የጸደዩ ብየዳ ለቆ ቀስ እያለ ሲያፈስ ትሪው ተቀብሎታል፤ የተረፈውን የእናቱ ብርድ ልብስ ጠጥታዋለች።

«ብበሳው ኖሮ...» አለ ፕረንክ።

«እኔ ነኝ አትብሳ ያልኩህ።»

ፕረንክ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ከስር ወጣ። ሉላሽ ግን አልወጣም። እግሮቹ ብቻ ይታዩኛል። ካርቶኑ ላይ ዘይቱ እየሰፋ ሄደ፤ ከዚያ ሉላሽ እንደ ወትሮው ወደ ቤቱ ጮኸ።

«ዲሌ፣ ያፈሳል! አትውጪ!»