የአንደኛ ማዕረግ ጠራጊ

ወደ ቀራንዮ በሚሄደው አውቶቡስ ማታ ማታ የማያቸው ሴት አውሮፕላን ጠራጊ ናቸው። ሰማያዊ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ፣ ነጠላ ደርበው ይሳፈራሉ። ስማቸውን አላውቅም። ተሳፋሪው ግን ሥራቸውን ስለሚያውቅ ነገር ይፈልጋቸዋል።

«እትዬ፣ አንደኛ ማዕረግ ዛሬስ እንዴት ዋለ?»

«የፍራንክፈርቱ በረራ ወንበር እንደ አልጋ ይዘረጋል፤ እግር ማሳረፊያም አለው። በምግብ ግን የቦምቤው ይበልጣል። ዓሣው በሸክላ ሳህን ነው የሚቀርበው፤ ቅቤዋ እንኳ ለብቻዋ ሳህን አላት።»

«እኛ ለስኳር ተሰልፈን እንውላለን፣ ቅቤ የራሷ ሳህን አላት» ይላል አንዱ። ይስቃሉ።

ይህ ሳቅ ያናድደኛል። ሰው እንዴት ለምን ብሎ አይጠይቅም? ሴትዮዋ ወንበርና ምግብ የሚያወዳድሩት ለወሬ አይደለም። አንድ ልጃቸውን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰው፣ በአውሮፕላን ወደ ሰሜን ወስደውባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ትናንት በምርኩዝ የሚሄድ ወጣት ወታደር ተሳፈረ። ሴትዮዋ ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁለት።

«ልጄ፣ እናንተን የወሰዳችሁ አውሮፕላን ወንበር ነበረው?»

«አልነበረውም እማማ። ወለሉ ላይ ተጨናንቀን ነው የተቀመጥነው።»

«ምን አበሏችሁ?»

«ደረቅ ኮቾሮ።»

«ስትመለሱስ?»

ወጣቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ስንመለስ ቦታው ሰፍቶን ነበር።»

የሚስቅ ጠፋ። እኔ እንኳ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን፣ ያን ልብ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከወጣቱ ጀርባ ሸጎጡለት።

«ደገፍ በል» አሉት፣ «መንገዱ ይነቀንቃል።»